ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው ሠራሽ እግርና ብሬስ፦ ጨውና ወበቅ እንዳይበላው ምን እናድርግ?

ወርክሾፕ_ለገሃር (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለገሃር አካባቢ ባለ የአካል ድጋፍ ወርክሾፕ ነው የምሠራው። ሦስት ተገልጋዮቻችን በሚቀጥለው ወር ለሥራ ጅቡቲ ይወርዳሉ፤ ከዓመት በፊት አይመለሱም። ሳይሄዱ መሣሪያቸው ላይ ምን መቀየር እንዳለብኝ፣ በእጃቸውስ ምን ጽፌ ብሰጣቸው እንደሚጠቅም ልማከራችሁ።

የመጀመሪያው ከጉልበት በታች የተቆረጠ ነው። እግሩ ሙሉ በሙሉ ፖሊፕሮፒሊን (ጠንካራ ፕላስቲክ)፣ ውስጡ የፔላይት ላይነር (እንደ ስፖንጅ ለስላሳ የውስጥ ሽፋን)፣ ፉቱ (መርገጫው) ፖሊዩሬቴን፣ ከጉልበት በላይ የሚታሰረው ቺንጋ ቆዳ። ሁለተኛዋም ከጉልበት በታች ናት፤ የሷ ግን የሲሊኮን ላይነር ከነፒኑ (ላይነሩን ከእግሩ ጋር የሚቆልፈው ዘንግ)፣ የአሉሚኒየም ቱቦና የስቴንለስ አዳፕተር (ማገናኛ) ነው። ሦስተኛው በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው ሲሆን ከጭን እስከ እግር የሚደርስ ረጅም ብሬስ (የእግር ደጋፊ) ያደርጋል። የጎን ዘንጎቹ አሉሚኒየም፣ የጉልበቱ መቆለፊያ ቀለበት ብረት፣ ማሰሪያዎቹ ቆዳ ናቸው።

እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠን የለመድነው የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ነው። እዚያ ደግሞ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት አለ፣ በላዩ ላይ የባሕሩ ጨው። በተለይ ዘይት ላይ ግራ ገብቶኛል፤ አንዱ «በደንብ ቀቡት» ይላል፣ ሌላው «ዘይት አታስነኩት» ይላል። የቱ ነው ትክክሉ?


ጀሶና_ፕላስቲክ፦

እህቴ፣ ሳይሄዱ በፊት ማሰብሽ ጥሩ ነው። አብዛኛው መሣሪያ የሚመጣልን ከተበላሸ በኋላ ነውና።

መጀመሪያ ለሦስቱም አንድ ነገር አስረጂያቸው። «ባሕር ውስጥ ካልገባሁ ምን አገባኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ጨው ግን በነፋስ ይመጣል። ማዕበሉ ሲሰበር የሚረጨው ጠብታ በአየር ላይ ይደርቅና ብናኙ ቤት ውስጥ፣ ጫማ ውስጥ፣ ሶኬት (የተቆረጠው እግር የሚገባበት የመሣሪያው ቅርፊት) ውስጥ ያርፋል። ጨው ደግሞ ከአየር ርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ደርቆ ያደረ የመሰለሽ ብሎን በቀጭን የጨው ውሃ ተሸፍኖ ነው ያደረው። ላብም ራሱ ጨው ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነገሩ ይፈጥናል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሰውዬ። ሶኬቱ አያሳስበኝም፤ ፖሊፕሮፒሊን ውሃ አይጠጣም፣ አይዝግም፣ ለባሕር ዳርቻ ከዚህ የተሻለ ዕቃ ብዙ አይገኝም። ጠላቱ ፀሐይ ነው። ሱሪ ይልበስበት፣ ሌሊትም መስኮት ሥር አያቁመው። የምሰጋው ለፉቱ ነው። ሙቀትና ርጥበት ሲተባበሩ ውሃው የፖሊዩሬቴኑን ሰንሰለት ከውስጥ ይበጣጥሰዋል። እንደ ብረት ዝገት በዓይን አይታይም። የሚብሰው ደግሞ ሳይለበስ መጋዘን የተቀመጠ ፉት ላይም መድረሱ ነው። ስለዚህ «መለዋወጫ ይዞ ይሂድ» ብለሽ ከመደርደሪያው ጀርባ የቆየውን አውጥተሽ እንዳትሰጪው። የተመረተበትን ቀን እዪና አዲሱን ስጪው።

መፈተሻውን በእጁ አሳዪው። ጫማውን አውልቆ ተረከዙን ከኋላ በአውራ ጣቱ ጠበቅ አድርጎ ይጫንና ይልቀቅ። ጤነኛው ወዲያው ይመለሳል። የተጎዳው የጣቱን ጉድጓድ ይዞ ይቆያል፣ ወይም ከላይኛው ሽፋን ሥር እንደ ደረቀ ዳቦ ሲፈረፈር ይሰማዋል። ጣቶቹ በሚታጠፉበት መስመር ላይ ስንጥቅ ካየም ያው ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣ ሌላ ምልክት አለ፤ ተረከዙ ሲሰምጥ ሜዳ ላይ እየሄደ ዳገት የሚወጣ ይመስለዋል። እንዲህ ከተሰማው ሶኬቱ ጠበበ ብሎ በተቆረጠው እግሩ ላይ ከሚደርበው ካልሲ ከመቀነሱ በፊት ፉቱን ይይ።

የጎማ ፉት ካላችሁ ማሰብ ይቻላል። በወበቅ ከፖሊዩሬቴን ይሻላል፤ ግን ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ከዋለም ይሰነጠቃል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ከሆነ ክብደቱን ችሎ ይራመድ እንደሆነ እዚሁ አስለምጂውና ራሱ ይወስን።

ከፉቱ ሥር፣ ከሶሉ በኩል፣ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ቀዳዳውን በስፖንጅ ቁራጭ ሙሊውና ላዩን በሲሊኮን ማሸጊያ ዝጊው። በየወሩ ይይው፤ ከቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ እድፍ ከወጣ ውስጥ ያለው ብሎን መዛግ ጀምሯል ማለት ነው። ሌሊት ሌሊት ፉቱ ከጫማው ይውጣ። ሁለት ጫማ ይኑረውና እያፈራረቀ ያድርግ፤ በአንድ ቀን የሚደርቅ ጫማ እዚያ የለም።

ፔላይቱ ራሱ ውሃ አይመጥም፤ ላቡ ግን በሱና በሶኬቱ መካከል ተኝቶ ያድራል። በየማታው አውጥቶ በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ይጥረገው፣ በንጹሕ ውሃ ይድገመው፣ ጥላ ውስጥ አቁሞ ያሳድረው። ማስቲሹ በሙቀትና በላብ ይለቃል፤ ከመሄዱ በፊት የጎኑን ስፌትና የታችኛውን ክዳን በጥፍርሽ ገልጠሽ ሞክሪው፣ የሚነሳ ካለ አሁኑኑ አጽድተሽ አጣብቂው። የቆዳውን ቺንጋ ደግሞ ተዪው። በናይለን ጥብጣብና በቬልክሮ ሁለት ሥሪለት፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱን ያስራል።

ስለ ማጠቢያው ውሃ የሚረሳ ነገር አለ። የጅቡቲ ከተማ የከርሰ ምድር ውሃ ራሱ ጨዋማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከኛ ከሺኒሌ በኩል በቧንቧ የሚወርድ ጣፋጭ ውሃ ቢኖርም፣ ቤቱ የሚደርሰው የትኛው እንደሆነ ቀምሶ ይወቅ። ጨው ጨው ካለው የመጨረሻውን ማለቅለቂያ በግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ያድርገው። ያለዚያ ጨውን በጨው ማጠብ ነው።


ብሎን_ተራ፦

የዘይቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ሁለቱም የነገሩሽ ልክ ናቸው፤ የተናገሩት ግን ስለተለያየ ቦታ ነው። የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ዘይት ይፈልጋል፣ እሱም አንድ ጠብታ። ጠብቆ የታሰረ ብሎን ዘይት አይነካውም።

ለምን? ብሎን በዘይት ከረጠበ በዚያው ጉልበት ስታጠብቂው ከሚገባው በላይ ይወጠራል፤ በኋላ ደግሞ በራሱ ይላላል። ሎክታይትም (የብሎን ጥርስ ማጣበቂያ ፈሳሽ) ዘይት ላይ በደንብ አይይዝም። የጨው መከላከያሽ ሎክታይቱ ራሱ ነው፤ በጥርሱ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ስለሚደርቅ ውሃ መግቢያ ያጣል። ስለዚህ የሴትዮዋን አዳፕተር ብሎኖች ሳትሄድ አንድ በአንድ አውጥተሽ በአሴቶን አጽጂ፣ ይድረቅ፣ ሰማያዊውን (241 ወይም 243) አድርጊና በዲናሞሜትር ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካው) አጥብቂ። ብዙዎቹ የፒራሚድ አዳፕተር ብሎኖች በ4 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ የሚታሰሩና 15 ኒውተን ሜትር የሚባሉ ናቸው፤ ቢሆንም የአምራቹን ወረቀት አይተሽ አረጋግጪ። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ 24 ሰዓት ስጪው፤ በዚያው ቀን ወደ ጣቢያ አትላኪያት። ቀዩን ሎክታይት እንዳትጠቀሚ። እሱን ለመፍታት ኃይለኛ እሳት ያስፈልጋል፣ ፕላስቲክ አጠገብ ደግሞ እሳት አይታሰብም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ እንድረስ። «ይዝጋል» ተብሎ የፉቱ ብሎን ተነቅሎ ስቴንለስ ይገባል። የአሮጌውን ብሎን ራስ እዪው፤ 8.8 የሚል ከሆነ ጥንካሬው 800 ሜጋፓስካል ነው። ሱቅ የሚሰጥሽ ስቴንለስ በአብዛኛው A2-70 ተብሎ የተጻፈበት ሲሆን ጥንካሬው 700 ነው፤ መለጠጥ የሚጀምርበት ነጥብማ ከዚያም በጣም ዝቅ ይላል። በላዩ ላይ A2 የሚባለው ስቴንለስ ባሕር ዳር ላይ ነጠብጣብ እያወጣ ይቦረቦራል። ለባሕር የሚሆነው A4 ነው፤ ሞሊብዲነም ስላለው ጨውን ይቋቋማል። A4-80 ካገኘሽ ደግሞ ጥንካሬውም ይቀራረባል። እሱንም ቢሆን አምራቹ ሳይፈቅድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ላይ አታድርጊ። ካላገኘሽ ያንኑ ዓይነት 8.8 አዲስ፣ ዚንክ የተነከረ አስገቢ፤ ሁለት መለዋወጫም በፕላስቲክ ቋጥረሽ ስጪው። ሶማሌ ተራ ስትገዢ ብሎኑን በእጅሽ ይዘሽ ራሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ፤ ቁጥር የሌለውን መልሺ።

የብሎኑን ራስና የአዳፕተሩን ጠርዝ አሻግረሽ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር አስምሪ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ያኔ ባለቤቱ ራሱ አያጥብቀው፣ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ብሬሱ ላይ ዋናው ጣጣ የሁለት ብረት ጋብቻ ነው። አሉሚኒየሙ ላይ የመዳብ ሪቬት (ተቀጥቅጦ የሚያያዝ ሚስማር) ካለ አውጪው። በጨው ውሃ ውስጥ ሁለቱ እንደ ባትሪ ይሆኑና የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ከሪቬቱ ራስ ሥር ነጭ ዱቄት ታያለሽ፣ ከዚያ ቀዳዳው እየሰፋ ዘንጉ ይላወሳል። በአሉሚኒየም ሪቬት ቀይሪው። የጉልበቱ መገጣጠሚያ ብረት ከአሉሚኒየሙ ዘንግ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ መለየት አይቻልምና ሁለቱ በሚነካኩበት ፊት ላይ ቀጭን የቀለም ወይም የማሸጊያ ሽፋን አድርጊበት።

ቀለበቱን በየሳምንቱ ማጽዳት አለበት። ወደ ላይ ስቦ፣ ሥሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ያጥባል፣ በደረቅ ጨርቅ ያደርቃል፣ ከዚያ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጎ ጉልበቱን አሥር ጊዜ አጥፎ ይዘረጋል፣ የተረፈውን ይጠርጋል። ዘይቱ ከበዛ በምዕራብ ነፋስ የሚመጣውን አሸዋ ይሰበስብና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ብረቱን ይሞርደዋል። መፈተሻው ቀላል ነው፤ እግሩን ዘርግቶ ቀለበቱን ይልቀቀው። በራሱ ክብደት ወርዶ «ቀጭ» ካላለ በዚያ ብሬስ አይቁምበት። በጣት እየገፉ ማውረድ ከጀመሩ አንድ ቀን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርና ጉልበቱ ይከዳል።


ፊዚዮ_ሜክሲኮ፦

የብረቱን ተናገራችሁ፤ እኔ በቆዳው ልጨምር። መሣሪያው ደኅና ሆኖ ስታምፑ (ተቆርጦ የቀረው እግር) ቢቆስል ያው መቀመጥ ነው።

እዚህ በብርዱ የተለካ ሶኬት እዚያ አንድ ዓይነት አይሆንም። በሙቀት የመጀመሪያዎቹ ቀናት እግር ያብጣል፤ ሦስት ካልሲ ደርቦ የሚሄደው ሰው አንድ ብቻ ሊበቃው ይችላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በላቡና በመራመዱ ብዛት ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ቀጭንና ወፍራም ካልሲ ቀላቅላችሁ ስጡት፣ ከስድስት ባያንስ፤ ጠዋት ባደረገው ቁጥር ብቻ እንዳይውልም ንገሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ እግሩ ሲረጋጋ ልክነቱን እዚያ ባለ ባለሙያ ያሳይ፣ ካልሆነም የስታምፑን ፎቶ ልኮ ያማክራችሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት ሰዓቱ ያውልቅ። ላቡን በፎጣ ይጫነው እንጂ አይሸው፣ አምስት ደቂቃ ያናፍሰው፣ ደረቅ ካልሲ ቀይሮ ያድርግ። ሲያወልቅ ቀይ ሆኖ የታየው ቦታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ሶኬቱ እየተጫነው ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሕመሙ ስለማይሰማው በመስታወት ማታ ማታ የግድ ይመልከት።

ፓውደር ብዙ ሰው ይወዳል። በደረቅ አገር ምንም አይደለም፤ በወበቅ ግን ከላቡ ጋር ተቦክቶ እንደ ሊጥ ይጠቀለልና እሱ ራሱ ይልጣል። ይልቅ ላብ ለሚበዛበት ሰው 20 ፐርሰንት አልሙኒየም ክሎራይድ ያለበት ፈሳሽ ከፋርማሲ ይግዛ። ማታ ከመኝታ በፊት፣ ሙሉ በሙሉ በደረቀና ባልቆሰለ ቆዳ ላይ ይቀባል፣ ጠዋት በውሃ ይታጠባል። ጠዋት ቀብቶ ሶኬት ውስጥ መግባት ግን ያቃጥላል። ዲዮዶራንት ሽታን ነው የሚያጠፋው፣ ላብን አይደለም፤ አይተካውም። ስታምፑን መላጨትም ይቅርበት፤ የተቆረጠው ፀጉር በላብ ውስጥ ወደ ቆዳው እየገባ እባጭ ይሆናል።

የሴትዮዋ ሲሊኮን ላይነር በየቀኑ ማታ ይታጠብ፣ ጠዋት አይደለም፤ ጠዋት የታጠበ ሳይደርቅ ይለበሳል። ገልብጣ፣ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ በእጇ። ላርጎና በረኪና አይነኩትም። ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግማ ታለቅልቀው፤ የቀረ ሳሙና በሚቀጥለው ቀን ላብ ሲነካው ቆዳዋን ያሳክካታል። ብናኝ በማይለቅ ጨርቅ አድርቃ ወደ ቀኝ ፊቱ መልሳ በማቆሚያው ላይ ታስቀምጠው፤ ተገልብጦ ካደረ ጠርዙ ይለጠጣል። ሁለት ላይነር ቢኖራት በጣም ይበጃል። ቫዝሊን ወይም የሰውነት ቅባት ቀብታ ወዲያው አትልበስ። ላይነሯ ሲሊኮን ሳይሆን ጄል ቢሆን ደግሞ ቅባት ጄሉን ያለሰልሰውና ይቀደዳል።


ወርክሾፕ_ለገሃር፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። የመዳቡን ሪቬት ዛሬ አየሁት፤ ብሬሱ ላይ ስድስት አለ። ነገ እናወጣዋለን።

ሁለት ነገር ቀረኝ። የመጀመሪያው ሰውዬ «ባሕር ዳር ሄጄ አሸዋው ላይ ብራመድስ?» ብሎኛል፤ መከልከል አልፈልግም። ሌላው፣ የሴትዮዋ ፒን የሚገባበት መቆለፊያ አሸዋ ቢገባበት ራሷ ልታጸዳው ትችላለች?


ጀሶና_ፕላስቲክ፦

አትከልክዪው። አሮጌው እግር አሁንም በልኩ ከሆነ እሱን ለአሸዋ ይመድበው፤ ከመሄዱ በፊት አዲስ ካልሲ አድርጎ በሱ ላይ ግማሽ ሰዓት አራምጂውና እዪ። ፉቱ ግን አርጅቶ ከሆነ አሮጌ ነው ብለሽ አሮጌ ፉት አትስጪው፤ አሸዋ ላይ እግር ስለሚሰምጥ ጫናው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ውሃ ውስጥ እንዲቆም ቀዳዳ ብሱልኝ የሚልሽም አይጠፋም። ሶኬት ላይ ቀዳዳ ከተበሳ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያው ቀዳዳ ስለሆነ በራስሽ እጅ አትብሺ።

ከአሸዋ ሲመለስ ቶሎ፣ ሳይደርቅ ይታጠብ። ደርቆ ከተጋገረ በኋላ ጨውን ማስለቀቅ ይከብዳል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ጫማውና ካልሲው ይውለቁ፣ ፔላይቱ ይውጣ፣ ሁሉም በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፣ ፉቱ ጣቱ ወደ ታች ሆኖ ይንጠባጠብ፣ ቬልክሮው በጥቃቅን ማበጠሪያ ይበጠር። አሸዋ የሞላው ቬልክሮ የያዘ ይመስላል እንጂ ሲራመዱ ይለቃል።

ፒኑን በተመለከተ፣ ቁልፉን ተጭና ይዛ መቆለፊያውን በንጹሕ ውሃ ከላይ ወደ ታች ታፍስበት፣ ገልብጣ ታንጠባጥብ፣ ሌሊቱን ክፍቱን ይደር። ጠዋት ስትለብስ የሚሰማትን «ጠቅ» ትቁጠር። ትናንት ስድስት ከነበረ ዛሬ አራት ከሆነ ወይ እግሯ አብጧል፣ ወይ ውስጡ አሸዋ አለ። ዘይት አትጨምርበት፤ መፍታቱንም ለባለሙያ ትተው። ፒኑ ራሱ በላይነሩ ጫፍ ላይ በጥርስ የተያያዘ ነው፤ በሳምንት አንዴ በእጇ ይዛ ትሞክረው፣ የሚዞር ከሆነ ልቋል።


ፊዚዮ_ሜክሲኮ፦

መኪና ውስጥ ትቶ መሄድንም ጻፉላቸው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ በተለይ ከፊት መስታወቱ ሥር፣ እዚያ አገር በቀላሉ 70 ዲግሪ ይደርሳል። ፔላይቱ ይጨማደዳል፣ የብሬሱ ማስቲሽ ይለቃል፤ ፖሊፕሮፒሊኑ አይቀልጥም፣ ግን ዕቃ ተጭኖበት ከዋለ ቅርጹ ይለወጣል። ከሁሉ የሚብሰው የእጅ ስፕሊንት (እጅን ደግፎ የሚይዝ ፕላስቲክ) ነው። በሞቀ ውሃ የሚቀረጸው ፕላስቲክ የሚለሰልሰው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ነው፤ መኪናው ራሱ ይቀርጸዋል።


ወርክሾፕ_ለገሃር፦

ይህን ስላነሳሽው፤ ረጅም ብሬስ የሚያደርገው ሰውዬ የእጅ አንጓ ስፕሊንትም አለው፣ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ። ቢጣመምበት በሙቅ ውሃ ራሱ ሊያስተካክለው ይችላል?


ፊዚዮ_ሜክሲኮ፦

አይችልም፣ አይሞክር። በአንድ እጁ ሌላውን እጁን እየቀረጸ አንጓውን በትክክለኛው ማዕዘን መያዝ አይሆንለትም፤ ውሃው ከሞቀ ደግሞ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ትንሽ የተጣመመ ስፕሊንት ደህና መስሎ በአውራ ጣቱ ሥር ባለው አጥንት ላይ ይጫናል። ሳይሄድ ሁለተኛ ሥሩለት፤ በሁለቱም ላይ የጠርዙን ቅርጽ በወረቀት ላይ በእርሳስ አዙራችሁ ሣሉና ወረቀቱን ስጡት። ስፕሊንቱን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ከመስመሩ ከወጣ አያድርገው፤ ሁለተኛውን አድርጎ የተጣመመውን ወደ እናንተ ይላክ።